ከሴቶቹ ጠበል በኩል

ታፈረን አልወደውም። አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ አንዳንድ ደግ ነገሩን ሳነሳ የሚሰማኝ ሰው ታርቀዋል ብሎ እንዳይሳሳት ነው። ቤቱ ከቤታችን በላይ ነው፤ ድምፁ ደግሞ ከሰፈሩ ሁሉ በላይ። ጠዋት የልብስ ስፌት ማሽኔን በረንዳ ላይ አውጥቼ ስቀመጥ መጀመሪያ የምሰማው ታፈረ ከአንድ ሰው ጋር ሲጨቃጨቅ ነው። ሰው ካጣ ከውሻው ጋር ይጨቃጨቃል።

ድሮ አስጎብኚ ነበር። ባጁን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ፈረንጆቹን ከኋላው አሰልፎ ከቤተ ማርያም ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ሲሄድም ይቆጣ ነበር፤ ጫማ አውልቁ፣ ግድግዳውን አትደገፉ፣ ውሃ ጠጡ። ፈረንጅ ደግሞ ሲቆጡት ይታዘዛል። የተበላሸው ያኔ ይመስለኛል፤ ሰው ሁሉ ሲቆጡት የሚታዘዝ መሰለው። ከዚያ የኮሮና በሽታ መጣ፣ በሽታው ሳይወጣ ጦርነቱ ተከተለ፣ ሆቴሎቹ ተዘጉ፣ ላሊበላ ጭር አለች። ጓደኞቹ ገሚሱ አዲስ አበባ ገቡ፣ ገሚሱ ባጃጅ መንዳት ጀመሩ። ታፈረ ቁጣውን ታቅፎ ቀረና ሚስቱ ላይ ያራግፈው ጀመር። ኤልሳቤጥ ታጋሽ ሴት ናት። ግን የጀሪካን መደርደሪያ ቦታ ሳይቀር የሚያቅድላት ባል ሲሰለቻት ሙጃ ወላጆቿ ዘንድ ሄዳ ከረመች። የተመለሰችው የሚቆጣቸው ሌሎች ሰዎች ካገኘ በኋላ ነው።

ያገኘው እኛን ነው። ከብልባላ ወዲያ፣ የመኪናው መንገድ ከሚያልቅበት ገደል አፋፍ፣ ቁልቁል ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚያወርድ የእግር መንገድ አለ። ታች፣ ቆላው ውስጥ፣ አንዲት ማርያም አለች፤ ከአለት ሥር የሚፈልቀው ጠበሏ ስንቱን ከአልጋ አስነስቷል። ንግሷ ግንቦት ላይ ነው። ግንቦት ደግሞ ሸለቆው እንደ ምድጃ የሚነድበት ወር ነው። እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ብርዱን እንፈራለን እንጂ ሙቀት ሰው ይገድላል ሲሉን እንስቃለን። ስለዚህ በየዓመቱ ከተሳላሚው አንዱ በቃሬዛ ይወጣ ነበር። የጽዋ ማኅበራችን አባት፣ አባ ሰይፈ ሥላሴ፣ ይህ ቢመራቸው ታፈረን አስጠርተው ጉዞውን አንተ ምራ አሉት። ምነው ምላሳቸውን በያዘው ያልኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም።

ጉዞው ሲቃረብ ቤት ለቤት ዞረ። ግፊት አለብህ፣ ስኳር አለብሽ፣ ሽንትሽ ምን ይመስላል እያለ፣ በሰው ፊት፣ ሳያፍር ጠየቀ። ደባሱ የሚባለውን እህል ነጋዴ ይህን ሆድ ተሸክመህ ከዚያ ጉድጓድ አትወጣም ብሎ ገና ከደጁ መለሰው፤ ደባሱ ከማኅበሩ እስከ መውጣት ደረሰ። ኮንጎ ጫማ ያደረገችውን አስወለቀ። ከዚያ ሁሉንም የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ሰብስቦ ሕጉን ነገራቸው። የሚወረደው በዋዜማው ፀሐይ ስትበርድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ታድሮ፣ ቅዳሴ ተቀድሶ፣ ጠበል ተገብቶ፣ ከዚያ ፀሐይ እስክታዘነብል እታች ካለው ሾላ ጥላ ንቅንቅ የለም። ደጋው ላይ ደመና ከጠቆረ ግን ሁሉ ነገር ይቀየራል። መንገዱ የሚያልፈው በደረቅ ወንዝ ውስጥ ነው፤ እታች ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ እላይ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ሰው ጠራርጎ ይወስዳል። ደመና ከታየ ወዲያው ይወጣል። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ትንንሽ ጀሪካን ይይዛል፤ አንዱ ሙሉ ነው፣ ለመጠጥ፤ ሌላው ባዶ ነው፣ ለጠበል።

እኔም ልሄድ ነበር። ከወለድኩ ወዲህ ግራ እግሬ ያብጣል፤ የሐኪሙን ክኒን እውጣለሁ፣ ያስታግሰኛል እንጂ አላዳነኝም። የማሽኑን ፔዳል የምረግጠው በቀኙ ብቻ ነው። ታፈረ በረንዳዬ ላይ ቆመና፣ ደንበኛዬ ልብሷን እየለካች፣ እግሬን እንደ በግ ላት ገመገመው። "አንቺ አትወርጂም፤ አንቺን ተሸክሞ የሚያወጣ በቅሎ የለኝም" አለኝ። ትክክል ነበር። ትክክል መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። እናቴ፣ እማማ አመተ ጊዮርጊስ፣ ከውስጥ ሰምታ ወጣችና እሷን ወክዬ ወርጄ ጠበሉን አመጣላታለሁ አለችው። ምላሷን አውጥታ፣ ግፊቷን ተጠይቃ፣ ጫማዋን አስመርምራ አለፈች።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ አብረዋት የወረዱት ሴቶች ናቸው። እናቴ ራሷ ያወራችኝ ጥቂት ነው።

ወንዶቹ የሚጠመቁበት ወዲህ ነው፣ ሴቶቹ የሚጠመቁበት ከትልቁ አለት ጀርባ። ታፈረ ወንዶቹ ጠበላቸውን ቀድተው ሲወጡ ጀሪካናቸውን አንድ በአንድ እያስከፈተ አየ። ከአለቱ ጀርባ ግን ወንድ ዝር አይልም፤ እሱም አላለም። እዚያ ሴቶቹ እጃቸው ላይ ያለውን አዩ፤ አንዱ ጀሪካን የከተማ ቧንቧ ውሃ ነው፣ ፊታቸው የሚፈሰው የማርያም ጠበል ነው። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ ከደጇ የቧንቧ ውሃ ተሸክሞ መመለስ ነውር መሰላቸው። አንዷ ደፋችና ጠበል ሞላችበት። ሌላዋ አየቻት። ትንሽ ቆይቶ የደረቀው መሬት የሁሉንም ውሃ ጠጥቶ ጨረሰ። መጀመሪያ የደፋችው እናቴ አይደለችም ብዬ ብምል እዋሻለሁ።

ከዚያ ዝክሩ ቀረበ። ዳቦና ንፍሮ በሉ። እህል ከቀመሱ በኋላ ደግሞ ጠበል አይጠጣም፤ ይህን ላሊበላ ውስጥ ሕፃን ያውቀዋል።

ሾላው ሥር ገና ጋደም እንዳሉ ከላስታ ተራሮች በላይ ሰማዩ ጠቆረ። ታፈረ ተነስቶ መጮህ ጀመረ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ሴቶቹ ጥቂት በረድ ይበል ብለው ለመኑት፣ እሱ ግን ከጎርፍ ፀሐይ ይሻላል፣ ውሃ ይዘናል አለ። ወንዶቹ ከአባ ሰይፈ ሥላሴና ከበቅሎዎቹ ጋር ቀድመው ወጡ። ሴቶቹ ተከተሉ። እሱ ከሁሉ ኋላ ሆነ። ደረቁን ወንዝ አልፈው ዳገቱን እንደ ጀመሩ ከበታቻቸው ጎርፉ እያገሳ መጣ፤ የተኙበት ሾላ ግማሹ ድረስ ተዋጠ። መመለሻ አልነበረም። ከላይ አለት፣ ከበታች ደለል፣ ጥላ የሚባል የለም።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ አስቁሞ ጠጡ አላቸው። ማንም አልጠጣም። እልህ መሰለውና ተቆጣ። የአንዷን ጀሪካን ወዘወዘው፤ ሙሉ ነው። ጠጪ እንጂ አላት። ጠበል ነው አለችው። ሁለተኛውን ነካ፤ እሱም ጠበል ነው አለችው። ሌላዋ ጋ ሄደ። ሌላዋ ጋ ሄደ። ሁሉም ጀርባ ላይ ውሃ ሞልቷል፤ የሚጠጣ ግን የለም።

እናቴ የወደቀችው እዚያ ነው። ላቧ ደርቆ ነበር፤ ፊቷ ቀልቶ ስሜን ትጠራለች፣ እየሩስ ማሽኑን አስገቢው ዝናብ መጣ ትላለች። ታፈረ የራሱ ውሃ አልቆበት ነበር፤ ተንበርክኮ ጀሪካኗን ያዘ። እሷ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች።

"እማማ፣ ይልቀቁት።"

"የልጄ ነው።"

"ይልቀቁት እላለሁ።"

"የልጄ ነው እኮ።"

ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቆ ወሰደባት። ራሷ ላይ አፈሰሰ፣ አንገቷ ላይ አፈሰሰ፣ አፏን ይዞ በግድ አጠጣት። ሴቶቹ ኡኡ ሲሉበት ኃጢአቱን በእኔ ስም አድርጉት፣ ጠጡ ብሎ የእነሱንም ከፈተ። ገሚሶቹ ጠጡ፣ ገሚሶቹ ነጠላቸውን ነክረው አናታቸው ላይ ጣሉ። ሁሉም ወጡ። ያን ዓመት በቃሬዛ የወጣ ሰው የለም።

እናቴ ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዛ ገባች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አባ ሰይፈ ሥላሴ፣ እመቤታችን ጠበሏን ለደረቀ ጉሮሮ አትነፍግም፣ ኃጢአት የለባችሁም ብለው ሁሉንም አረጋጉ። እናቴ አልተረጋጋችም። እኔም አልተረጋጋሁም። ታፈረ ይቅርታ ይላል ብለን ነበር፤ እሱ ግን አጥራችን ሥር ቆሞ ጮኸብን። ያስያዝኩትን ውሃ የደፉት እርስዎ፣ ቢሞቱ ገዳይ የምባለው እኔ፣ አለ። እናቴ ከቤት ሳትወጣ መለሰችለት።

"የልጄን ውሃ መልስ።"

ዓመቱን ሙሉ ሰላምታ አልተለዋወጥንም። እሱ ሲያልፍ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እኔ እሷን ከሞት ያተረፋት እሱ መሆኑን አውቃለሁ፤ ማወቄ ይበልጥ አናደደኝ። ሰው የማይወደው ሰው ባለውለታው ሲሆንበት የት ያድርሰው? አንድ ቀን ኤልሳቤጥ የተቀደደ ሱሪውን ለስፌት አመጣችልኝ። እሷ ምን አደረገች ብዬ ተቀበልኳት። ቀዳዳውን አሳምሬ ጣፍኩና ሁለቱንም ኪሶች አፋቸውን ሰፍቼ ላክሁለት። መልሶ አላመጣውም። እንደዚያው ለበሰው፤ እጁን ሊከት ሲሞክር በረንዳዬ ላይ ሆኜ ብዙ ጊዜ ስቄያለሁ።

ግንቦት ዞሮ መጣ። ታፈረ እንደ ልማዱ ግፊትና ሽንት እየጠየቀ ዞረና መጨረሻ ላይ የእኛ ደጅ ቆመ። ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ሲታገል ያሳዝን ነበር።

"እማማ፣ ከሴቶቹ ጠበል በኩል የሚቆም ሰው አጣሁ" አላት።

እናቴ ስንዴ እያበጠረች ነበር። ቀና አላለችም። እኔ ውጣልን ልለው አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"እኔ እቆማለሁ። ለአንተ ብዬ ግን አይደለም።"

እሱም ለእኔ ይሁን አላልኩም ብሎ ሄደ። እናቴ ከቁርጥራጭ ጨርቄ ውስጥ ቀይ ቀዩን መርጣ ወሰደች፤ የመጠጥ ውሃው ጀሪካን ሁሉ አንገቱ ላይ እንዲታሰርበት። ከአለቱ ጀርባ ዱላዋን ይዛ ቆመች አሉ፤ ቀይ ጨርቅ ያሰረ ጀሪካን ሊደፋ ያዘነበለ እጅ ሁሉ ተመታ። የታፈረ ዘበኛ ብለው ሰደቧት። አንዷ ከዚያ ወዲህ በማኅበር ከእሷ አጠገብ አትቀመጥም።

በማግስቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ገባች። ጀሪካኑን ማሽኔ ሥር ስታስቀምጠው ከድምፁ ባዶ መሆኑን አወቅሁ። ደሜ ፈላ። ዘንድሮ ደግሞ እንዴት አድርጎ ወሰደብሽ አልኳት።

ማንም እንዳልወሰደባት ነገረችኝ። ከሙጃ የመጣች ገለቴ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ዳገቱ ላይ ታመመችና የጠጣችውን ሁሉ አስመለሳት፣ የመጠጥ ውሃዋን ጨረሰች፣ የእናቴንም ጨረሰች፣ ከዚያ ወደቀች፤ ሌሎቹ ቀድመው ወጥተዋል። ታፈረ የራሱንም ውሃ ጨርሶ አጠገባቸው ደርሶ ቆመ። የጠበሉን ጀሪካን አየ፣ እናቴን አየ፣ እጁን ሊዘረጋ አልደፈረም። ኪሱ ውስጥ ሊከተው ሞከረ፣ አልገባለትም። ጀሪካኑን ፈትታ የከፈተችው እናቴ ናት።

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ የንዴት ልቅሶ ነው። ሁለት ግንቦት ይህን እግር እየጎተትኩ ጠበቅሁ፣ ለማላውቃት ሰው ሰጠሽው አልኳት። እናቴ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈታች፤ እግሯ ተላልጧል።

"አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ነበር፤ እሷ መሬት ላይ ነበረች" አለችኝ። ሌላኛውን ጫማ እያወለቀችም፣ "አምናም እኔ መሬት ላይ ነበርኩ" አለች።

ጠዋት ታፈረ በደጃችን ሲያልፍ፣ በሰፈር ሕፃናት ላይ እየጮኸ፣ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አላዞረችም። እንዴት አደርክ አለችው። እሱ ደንግጦ ቆመ። እኔ ከማሽኔ ቀና ሳልል ሱሪህን አምጣው፣ ኪሱን ልፍታልህ አልኩት። ዓመት ሙሉ ኪስ የሌለው ሱሪ አስለበስሽኝ እያለ መጮህ ጀመረ።

"ቶሎ አምጣው" አልኩት። "ሥራ አለብኝ።"