የራኒ እህት ክር

የስሪላንካ ታሚል የሆነችው የለንደን ክሮይደን ጎረቤቴ ራኒ የእህቷን ፎቶ አሳየችኝ፤ የታጋይ ልብስ፣ አንገቷ ላይ ጥቁር ክር።

«እንዴ፣ እንደኔ ማተብ አላት!»

«አይ እማማ፣ ጫፉ ላይ ያለው መርዝ ነው። ሲከበቡ ውጠውት እንዲሞቱ፣ እንዳይማረኩ ያስሩታል።»

የታሚል ታጋዮቹ የራሳችንን አገር እናቆማለን ብለው ተነሥተው፣ ፍርድ ቤት ሳይቀር ነበራቸው። ኋላ የባሕሩ ዳርቻ ላይ በመንግሥት ጦር ተከበው አለቁ፤ እህቷም እዚያው ቀረች።

እኔም አገሬ ልጅ ሆኜ፣ ወጣት የሚመለምል የታጋዮች መኪና በከበሮ በእልልታ መንደራችን ሲገባ፣ ወይ ደስታ! ጓደኛዬ አስቴር ዘላ መኪናው ላይ ወጣችና «ነይ እንጂ፣ ፈሪ!» አለችኝ። እጄን ስሰጣት አያቴ ከኋላ ማተቤን ጨምድደው ያዙኝ።

«ክርስትና ስትነሺ ይህን ያሰርንልሽ እንድትኖሪ ነው!»

መኪናው አስቴርን ይዞ ሄደ።

«ቢለቁዎት ይሄዱ ነበር?» አለችኝ ራኒ።

«በሩጫ ነዋ!» አልኳት። ይኸው ግን፣ እጄ እስካሁን ማተቤ ላይ ነው።