የፍሬን ምድጃ

ጓደኞቹ ፍሬን የሚል ስም ያወጡለት ገና ወጣት የአውቶቡስ ሾፌር ሳለ ነው። እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ናፍጣ ሲባክን ማየት አይሆንለትም። ጡረታ ሲወጣ ቆጣቢነቱ አብሮት ቤት ገባና ሳሎን ያለው የብረት ምድጃ ላይ አረፈ። እንጨቱን ጢም አድርጎ ይሞላል፤ እሳቱ ገና ያዝ ሲያደርግ ከምድጃው በር ሥር ያለችውን የአየር መግቢያ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ታፍኖ ቢነድ ይቆይልኛል ባይ ነው።

የቆየው ግን ጭሱ ነበር። የምድጃው መስታወት ጠቆረ፤ መጋረጃው ሸተተ፤ ሚስቱን ሳል ያዛት። ሐኪሙ ከጭስ ራቂ ሲላት ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወደ እህቷ ቤት ሄደች።

"አልተጣላንም፤" አለችው በሩ ላይ ቆማ። "እዚህ ቤት መተንፈስ ሲቻል እመለሳለሁ። ካልተቻለ እዚያው መቅረቴ ነው።"

መጀመሪያ ቀልዷን መሰለው። ቀናቱ ሲደራረቡ ግን ባዶ ወንበሯን እያየ እህል አልዋጥለት አለ።

አንድ ጠዋት ጎረቤቱ አናጺው ብቅ ሲል ፍሬን ምድጃው ፊት ተንበርክኮ እፍ እያለ አገኘው። ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

"ጋሼ፣ ምን እየቀቀሉ ነው?"

"እንጨት እያነደድኩ ነው እንጂ ምን እቀቅላለሁ?"

"ይሄማ ቅቅል ነው! ጫፉ ላይ የሚፍለቀለቀውን ውሃ አያዩትም? የገዙት እርጥብ ነው። እሳቱ እርስዎን ትቶ ውሃ ሲያፈላ ይውላል።"

"ቶሎ ካላለቀ ምን ከፋኝ?"

አናጺው ሳቀና ክንዱን ይዞ ወደ ደጅ አወጣው። "እስቲ ቀና ይበሉ።"

ከጣራው በላይ ካለው ቧንቧ ወፍራም ጥቁር ጭስ ይትጎለጎላል። ፍሬን ክው አለ። ዕድሜውን ሙሉ ከፊቱ የሚሄድ መኪና እንዲህ ሲያጨስ ባየ ቁጥር በመስኮት ብቅ ብሎ "አንተ! ነዳጅህን ሰማይ ላይ እየደፋኸው ነው!" እያለ ሲጮህ የኖረ ሰው ነው። የራሱን ጣራ ግን አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየም።

"አየር አጥታ ነው፤" አለ በለሆሳስ፣ ስለ ታመመች ሞተር እንደሚያወራ።

"አፏን ያፈኗት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።"

በዚያው ሳምንት ቧንቧውን አውርዶ ጥላሸቱን በባልዲ አወጣ። እርጥቡን እንጨት ቀጠን ቀጠን አድርጎ ፈለጠና ለሚመጣው ብርድ ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ ንፋስ በመሃሉ እንዲያልፍ አድርጎ ደረደረው። ለዘንድሮው አናጺው ደረቅ ቁርጥራጭ ሰጠው። ሁለት ሁለት እንጨት እያጋጨ ማዳመጥ ተማረ፤ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ እርጥቡ ግን እንደ አኩራፊ ሰው ነው፤ ቢመቱትም አይናገር። ወፍራሙን ከታች፣ ስንጥሩን ከላይ አድርጎ ከላይ ለኮሰ። እጁ ግን ልማዱ ሆኖበት ወደ አየር መግቢያው ትሄዳለች። ቢቸግረው ሁለት እጁን ጭኑ ሥር ሸጉጦ ተቀመጠ። እሳቱ በደንብ ከተቀጣጠለ በኋላ ብቻ ትንሽ መለስ አደረጋት፤ አልዘጋትም። እንጨቱ ትንሽ ነው፤ ቤቱ ግን ሹራብ አስወለቀው።

ከዚያ ሚስቱ ጋ ደወለ። "ነይና እዪ።"

መጣች፤ ሻንጣዋን ግን አልያዘችም። ግቢው መሃል ቆማ ወደ ቧንቧው አንጋጠጠች። ጭስ የሚባል የለም።

"አንተ ሰውዬ! ለቁጠባ ብለህ ጭራሽ አጠፋኸው? በዚህ ብርድ?"

"ግቢ እስቲ።"

ገባች። ከጠራው መስታወት ጀርባ ብጫ ነበልባል ይወዛወዛል። የታጠበውን መጋረጃ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች። ከዚያ ሳሉ ይመጣ እንደሆን እየጠበቀች ቀስ ብላ አየር ሳበች። ፍሬን የራሱን ትንፋሽ ዋጠ።

ሳሉ አልመጣም።

"መስታወቱን በየቀኑ ነው የምትወለውለው?"

"አንዴ ነው የወለወልኩት። ከዚያ ወዲህ እንደዚሁ ነው።"

ሹራቧን አውልቃ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። "በል ሂድና ሻንጣዬን አምጣልኝ። ደግሞ ዛሬ እንኳ ፍሬን አትያዝ።"

ኮቱን ደርቦ ወጣ። ከደጅ አንዴ ወደ ጣራው ቀና አለ። ምንም አይታይም። ፈገግ አለና ፈጠን ፈጠን እያለ መንገዱን ቀጠለ።