የሼህ ኢድሪስ አሻራ

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ስንቱን የማይረባ ኃጢአት እየለቀምኩ ስነግራቸው፣ ይቺን ግን ምላሴ ሥር ደብቄ ነው የተመለስኩት። አንተ የምታነበው ሰው አታውቀኝም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል የቀለለኝ። ደግሞም ደክሞኛል። ክፉ ሥራ ሲሠሩት አይከብድም፤ የሚከብደው ሲያረጁ ነው።

ክልሉ ገና አዲስ የተቋቋመ ጊዜ ነው። እኔ አሶሳ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጣን ሰዎች ነን፤ አባቴ ገበሬ ሆኖ ቀረ፣ እኔ ታይፕ ተማርኩ። ያኔ ታይፕ የሚያውቅ ሰው እንደ ትንሽ ንጉሥ ነበር። ማመልከቻው፣ ውሉ፣ አቤቱታው ሁሉ በአማርኛ ነው የሚጻፈው፤ ከጎረቤቶቼ ብዙዎቹ ግን አማርኛን ይናገሩታል እንጂ አይጽፉትም። ስለዚህ እኔ ጋ ይመጣሉ። “ጸሐፊው” ይሉኛል፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

የታችኛው ሰፈር እግር ኳስ ቡድን ደጋፊዎች ጸሐፊም እኔው ነበርኩ። አሰልጣኛችን አጣሂር ይባላል። የበርታ ተወላጅ ነው፤ የስፖርት አስተማሪ፣ ቁጣ የማያውቅ ሰው። እናት አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት ያሳደጉት አጎቱ ሼህ ኢድሪስ ናቸው። ሼሁ ጨዋታ አያልፋቸውም፤ ከጎሉ ጀርባ ካለው ማንጎ ሥር በርጩማቸውን አድርገው ዘጠና ደቂቃ ዝም ብለው ያያሉ። ሲያልቅ “አልሐምዱሊላህ” ብለው ይነሣሉ፤ ብናሸንፍም ብንሸነፍም ያው ናቸው።

የዚያን ዓመት ግን መሸነፍ ብቻ ሆነ። አጣሂር ነባሮቹን አስቀምጦ ልጆች አሰለፈ። አራት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍን። አምስተኛው ከላይኛው ሰፈር ጋር ነው፤ የእነሱና የእኛ ጨዋታ ደግሞ በአሶሳ ጨዋታ ብቻ አይደለም። አለቃዬ የላይኛው ሰፈር ደጋፊ ነበር። በየሰኞው ጠዋት ፋይል የሚፈልግ መስሎ ይመጣና “ስንት ገባባችሁ?” ይለኛል። ጓዶቼ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ጨዋታው ሳምንት ሲቀረው እሑድ ከሰዓት ማንጎው ሥር ተሰበሰብን። ነገሩ ስለ እሱ ስለሆነ አጣሂር አልመጣም። አሰልጣኙን እናባርር ወይስ እንታገሥ? ክርክሩ ጦፈ። አንዱ ሽማግሌ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ሲሉ፣ ደምሴ የሚባል ሾፌር ብድግ አለና “እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እኛ አለቅን እኮ!” አለ። ሁሉም አውካካ። እኔም እየጻፍኩ ሳቅሁ።

ሼህ ኢድሪስ መጨረሻ ላይ ነው የተናገሩት። ስለ ገዛ ልጃቸው መናገር ከብዷቸው እንደነበር ያስታውቃል። “ወላሂ፣ ያሳደግኩት ስለሆነ አይደለም” አሉ። “ማንጎ ዛሬ ተክሎ ነገ ፍሬ አምጣ የሚል ማነው? ልጆቹ ገና ነው። ሰብር! ይቺን ጨዋታ ይጫወት፣ ከዚያ እናያለን።” ሰብር ማለት ትዕግሥት ነው፤ እሳቸው ሲሉት ግን ከትዕግሥትም በላይ ይመስላል። እጅ ወጣ። ደምሴ እንኳ እያጉረመረመ አወጣ። አጣሂር ይቆይ ተባለ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። አዎ፣ እኔም።

የእኛ ልማድ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ፣ ጮክ ተብሎ ተነቦ፣ ከዚያ ነው የሚፈረመው። መፈረም የማይችል ከቢሮ በማመጣው ቀለም አውራ ጣቱን ያኖራል። ያን ቀን ግን ዝናቡ ከመንጌ በኩል ጠቁሮ መጣ። ሰው ተነሣ። “እንፈርምና እንሂድ፣ አንተ ቤትህ ትጽፈዋለህ” አሉኝ። ሼህ ኢድሪስ “ጽሑፉ ያንተ ነው፣ እጁ የኛ ነው” ብለው ሣቁና ከሁሉ በፊት አውራ ጣታቸውን ባዶ ወረቀት ላይ አሳረፉ። ሌሎቹም ተከተሉ። ሃያ ሦስት ሰው አምኖኝ ባዶ ወረቀት ፈርሞልኝ በዝናብ ሮጠ።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ መጣ። “ስንት ሊገባባችሁ ነው?” አለኝ። እሱ እንደወጣ ወረቀቱን ታይፕራይተሩ ላይ ጠቀለልኩት። ከፊርማዎቹ በላይ “አሰልጣኙ ከኃላፊነታቸው እንዲነሡ፣ ጸሐፊው ቡድኑን በጊዜያዊነት እንዲይዙ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል” ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልገፋኝም። አለቃዬ አበሳጨኝ ልበል? በፌዝ የተበሳጨ ሁሉ ሰው ይሸጣል እንዴ? እውነቱን ልናገር፤ ቡድኑን እኔ ልይዘው ፈልጌ ነበር። የሜዳው ጫፍ ላይ ቆሜ እጄን እያወራጨሁ ስጮህ ሰው እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ስፖርቱን የሚመለከተው ክፍል ወረቀቱን አምኖ ለአጣሂር የስንብት ደብዳቤ ጻፈ፤ ቃለ ጉባኤውንም አባሪ አደረገ። ሰፈሩ ሲጠይቀኝ “ከበላይ የመጣ ነው” አልኳቸው። ያኔ ሁሉም ነገር ከበላይ ነበር የሚመጣው፤ ከበላይ መጣ ከተባለ ማን ይመረምራል? አመኑኝ። ከአጎትየውም ከወንድም ልጅየውም ፊት አንድ አንድ ውሸት አቆምኩና መሐል ላይ ቆምኩ።

አጣሂር ወረቀቱን ይዞ ቢሮዬ መጣ። አልጮኸም። አሻራዋን በጣቱ እየነካ “ይሄ የአጎቴ ነው?” አለኝ።

“አዎ፣ የሳቸው ነው” አልኩት።

አልዋሸሁም እኮ! ጣቱ የሳቸው ነበር። ያን ያህል ዘመን ይቺን ይዤ ነው ራሴን ስደልል የኖርኩት፤ አልዋሸሁም፣ አልዋሸሁም እያልኩ። ከእውነት ሁሉ ክፉውን እውነት መርጬ እንደነገርኩት አላውቅም ነበርን? በደንብ አውቅ ነበር። አጣሂር ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ኩሩ ሰው ነው፤ “ለምን?” ብሎ አጎቱን አልጠየቀም። በዚያው ሳምንት ካማሺ የማስተማር ቦታ ጠይቆ፣ ሳይሰናበታቸው ሄደ።

ጨዋታውን አሸነፍን። አንድ ለባዶ። ያስቆጠረው አጣሂር ያሳደገው ልጅ ነው፤ እኔ አንዱንም ተጫዋች አልቀየርኩም፣ መቀየርም አላውቅም። ሰው ግን እኔን ትከሻው ላይ አወጣኝ። ከላይ ሆኜ ወደ ማንጎው አየሁ። በርጩማዋ የለችም፣ ሼሁም የሉም።

ወር ሳይሞላ ሼህ ኢድሪስ ቤቴ መጡ። ደብዳቤ ጻፍልኝ አሉኝ። ለማን እንደሆነ ሳይነግሩኝ አወቅሁት። እሳቸው በበርታና በአማርኛ እየቀላቀሉ ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። “ልጄ አጣሂር፣ ምን አጠፋሁህ? ያጠፋሁት ካለ ንገረኝ። ባላጠፋም ና። ቤቱ ያንተ ነው።” ጣታቸውን እንደገና አኖሩበት። ቴምብሩን በፊታቸው ለጠፍኩ። ፖስታ ቤት ግን አልወሰድኩትም። ቢደርሰው ይመልሳል፤ ቢመልስ ሁለቱ ይነጋገራሉ፤ ቢነጋገሩ የኔ ነገር ይወጣል። መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

በየቅዳሜው ገበያ ያገኙኛል። “መልስ የለም?” ይሉኛል።

“መንገዱ ነው አባባ፣ የካማሺ መንገድ” እላቸዋለሁ። ክረምት ሲሆን ጭቃው ነው እላለሁ። በጋ ሲሆን መኪና የለም እላለሁ። እሳቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው “ሰብር” ይላሉ። እኔን ያጽናናሉ! ሦስት ዓመት ሙሉ፣ መልሱ የዘገየብኝ እኔ ይመስል፣ እኔን ያጽናናሉ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ገበያ መውጣት ተውኩ። ሚስቴ “ምነው ሽንኩርት መግዛት እንኳ ከበደህ?” ትለኝ ነበር። ምን ልበላት?

በአራተኛው ዓመት አረፉ። አጣሂር የደረሰው ከተቀበሩ በኋላ ነው። ከለቀስተኛው ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ውሃ ይዤለት ሄድኩ። ከጠጣ በኋላ “አሳድጎ አሳድጎ፣ መጨረሻ ላይ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ፈረመብኝ” አለኝ፤ ለኔ፣ ለእኔ ነው የሚለው። በቃ፣ ያቺ ነበረች ሰዓቷ። አንዲት ቃል ብተነፍስ ሼሁን ከመቃብር ባትመልሳቸውም፣ እሱን ከቂሙ ትመልሰው ነበር። “አላህ ያጽናህ” አልኩት። ባዶውን ብርጭቆ ተቀብዬ ተነሣሁ። ወረቀቱን የጻፍኩ ጊዜ ወጣትና ቂል ነበርኩ እንበል፤ ብርጭቆውን ስቀበል ግን ቂል አልነበርኩም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። እሱም ካማሺ ውስጥ አርጅቷል አሉ። ባለፈው ሳምንት መሳቢያውን ከፈትኩ። ደብዳቤው አለ፤ ቴምብሩ ወይቧል፣ አሻራው ግን ትናንት የተነሣ ይመስላል። አዲስ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። እስከዚህ የጻፍኩትንም ገልብጬ አብሬ ከተትኩለት፤ ያን እሑድ ሼህ ኢድሪስ ምን እንዳሉና ቃላቸውን ማን እንደገለበጠው ይወቅ። ዛሬ ጠዋት ፖስታ ቤት በእግሬ ሄጄ በገዛ እጄ ሰጠሁ።

ይቅር በለኝ አላልኩትም። በምን አፌ? የአጎቱን ይቅርታ ሳይደርሰው ቆልፌበት ኖሬ፣ የኔን ይቅርታ በአንድ ፖስታ ልለምን? ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ መልስ አለ ወይ እላለሁ። መልስ ካልመጣ ግን መንገዱ ነው አልልም።