የፍየሏ መጨረሻ

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የፍየሏንና የጅቡን ተረት ለየብቻችን ሲነግሩን መጨረሻው ላይ ሲደርሱ አገጫችንን ቀና አድርገው ፊታችንን ያዩ ነበር። ጉዱን ያወቅነው በሰደቃቸው ቀን ነው። እኔ የማውቃት ፍየል ሐይቁን በዋና ተሻግራ ታመልጣለች። ታላቅ ወንድሜ ግን፣ "ኧረ ጅቡ በልቷታል!" አለኝ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ፣ "ታርቀው አብረው አምባሰል ወጡ እንጂ" ብላ ድርቅ አለች። ለካ የእያንዳንዳችንን ፊት እያዩ ነበር የሚጨርሱት።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ያገኘሁትን ዘመድ ሁሉ፣ "ላንተስ እንዴት ጨረሱት?" እላለሁ።

ትናንት ተረቱን ለልጄ ጀመርኩላት። ጅቡ ሐይቁ ዳር ሲደርስባት ዝም አልኩ።

"ከዚያስ፣ እማዬ?"

አገጯን ቀና አድርጌ ፊቷን አየሁ፤ ደግሜ አየሁ። እርሳቸው ምን ያዩ እንደነበር አሁን ማንን ልጠይቅ?