እናቴ የተገነዘችበት ዓመት

ልጅ ሳለሁ እናቴ ስትገነዝ አየሁ፤ በማግሥቱም ያቺው እናቴ እንስራ አዝላ ከምንጭ ስትመለስ አየሁ። ሁለቱንም በዐይኔ ስላየሁ ሁለቱንም አመንኩ። ትልቅ ሰው ቢሆን አንዱን ጥሎ አንዱን ይይዝ ነበር፤ እኔ ግን ያኔ ልጅ ነበርኩና እናቴ ሞታለች፣ ውሃም ትቀዳለች ብዬ ተቀመጥኩ። ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያደግኩት ከሰቆጣ ወደ ፃግብጂ በሚወስደው መንገድ፣ ቆላው ቁልቁል ከሚታይበት አፋፍ ላይ፣ ገደል ሥር በተጠለለች የሴቶች ገዳም ነው። አንድነት ገዳም ነበረች። ማሳው የሁሉም፣ ጎተራው የሁሉም፣ ፈትሉም የሁሉም ነው፤ ወደዚያ የሚገባ ሰው «የኔ» የሚለውን ቃል ከበር ውጭ ትቶ ይገባል። ዳቦው እንኳ እኩል ተቆርሶ፣ መቁነን ተብሎ በየእጃችን ይሰጠን ነበር፤ የእኔ የልጅቱ ድርሻ ከአሮጊቷ እመ ምኔት ድርሻ በፍርፋሪ አያንስም። ጥጡን ከሰቆጣ የሚያመጣልን አንድ የእስላም ነጋዴ ነበር፤ ከበሩ ውጭ ከዛፉ ጥላ ተቀምጦ ፈትሉን ሲረከብ፣ «በዚህ አገር የማይጣላ ቤተሰብ እናንተን ብቻ አየሁ» እያለ መነኮሳቱን ያስቅ ነበር። ይጣሉ እንደነበር አላወቀም።

አባቴ ሚሊሺያ ሆኖ ዘምቶ ሳይመለስ ሲቀር፣ እናቴ ትርንጎ እኔን አዝላ ወደዚህ ገዳም መጣች። መምጣታችንን አላስታውስም። የማስታውሰው ማታ ማታ ከጀርባዋ ተለጥፌ መተኛቴን፣ ቀሚሷ ጥጥና ጭስ ጭስ ማለቱን ነው። ያኔ እናቴ በአመክሮ ላይ ነበረች፤ ከመነኮሳቱ ጋር ትሠራለች፣ ትጾማለች፣ ግን ገና ቆብ አልደፋችም። ስለዚህም እናቴ ነበረች።

አንድ ቀን ጧት ደወሉ ሰው ሲሞት እንደሚደወለው ቀስ እያለ ተደወለ። እናቴን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አጋደሟት፤ ካህኑ ፍትሐት እየደገመ ሳለ መነኮሳቱ ነጭ መግነዝ ከእግሯ ጀምረው ወደ ላይ አለበሷት። ፊቷ ላይ ሲደርሱ ሮጥኩ። ጎተራው ሥር ገብቼ ጭድ ላይ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም እንቅልፍ ወሰደኝ። ዛሬ ሥርዓቱን አውቃለሁ፤ የሚመነኩስ ሰው ዓለምን ለመተዉ ምልክት እንዲሆን እንደ ሟች ይገነዛል፣ ከዚያ ቆብ ደፍቶ አዲስ ስም ይዞ ይነሳል። እኔ ግን መነሳቷን አላየሁም። ያስረዳኝም ሰው የለም፤ ሁሉም ሌላው ያስረዳኝ መስሎት ነበር።

በማግሥቱ ቢጫ ቀሚስ የለበሱ፣ ቆብ የደፉ መነኩሲት ውሃ ቀድተው መጡ። ዐይናቸው የእናቴ ዐይን ነው። «እማሆይ ጽጌ ማርያም ይባላሉ፤ እርስዎ ነው የምትያቸው» አሉኝ ሌሎቹ መነኮሳት። አዲስ መነኩሲት ከሥጋ ዘመዷ ጋር እንዳትጫወት ሥርዓቱ ይከለክል ነበርና፣ እሳቸውም አንድ ጊዜ አይተውኝ ዐይናቸውን መሬት ጥለው አለፉ። ከዚያ ለት ጀምሮ ማደሪያዬ እንደኔ ከእናታቸው ጋር ከመጡት ልጆች ጎጆ ሆነ።

ተረት የምንሰማው ከማዕድ በኋላ በማኅበሩ ቤት ነበር። ነጋዴው ጋዝ ያመጣልን እንደሆነ ኩራዝ ይበራል፤ ያላመጣ እንደሆነ የወይራው ፍም ይበቃናል። እናቶች እንዝርታቸውን ይዘው ዙሪያውን ይቀመጣሉ፤ ጭሱ ወደ ጣሪያው ወጥቶ መውጫ ሲያጣ ወደ እኛ ይመለሳል፤ የሰው ፊት አንዴ ቀይ ሆኖ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። የሚተርኩት እመ ምኔቷ እማሆይ አፀደ ነበሩ። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሲስቁ ግን እንባቸው የሚፈስ አሮጊት ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በኽምጣንኛ ነው፤ ተረቱ ሲጥማቸው አማርኛው ይሸሻቸውና ዜማውን በዚያው በኽምጣንኛ ያንጎራጉሩታል። እኛ ቋንቋውን የማናውቅ ልጆች ደግሞ ያልገባን ቦታ ላይ ይበልጥ እንፈራ ነበር።

የሚወዱት ተረት ገዳሟን የመሠረቱት እናት ታሪክ ነው። በድሮ ዘመን የአንድ ዋግ ሹም ልጅ በሠርጓ ለት በድንኳኑ ኋላ ወጥታ ጠፋች። ፈላጊ ቢሄድ አጣት፤ አውሬ በላት ተባለ፤ በዓመቱ ተዝካሯ ተደገሰ። እሷ ግን እዚሁ ገደል ውስጥ፣ በዋሻው ትኖር ነበር። ራብ ሲጠናባት ድግስ ሰምታ ብትወርድ የገዛ ራሷ ተዝካር ሆኖ አገኘችው። ዝም ብላ ከነዳያኑ መካከል ተቀመጠች። እንጀራ የምታድለው የወለደቻት እናቷ ነበረች፤ ከፊቷ ደርሳ ቆመች፣ አየቻት፣ ስሟን ልትጠራ አፏን ከፈተች።

እዚህ ላይ እማሆይ አፀደ እንዝርታቸውን ያቆማሉ። የሁሉም እንዝርት አብሮ ይቆማል።

«እንግዲህ ስሙ» ይላሉ ዝቅ ብለው። «ከጠራቻት ትመለሳለች። ከተመለሰች መንገዷ ይቀራል። እናቲቱም ይህን በልቧ አወቀችውና አፏን ዘጋች። ሁለት እንጀራ ደርባ ሰጥታት አለፈች። ልጂቱ የራሷን ተዝካር በልታ ወደ ዋሻው ተመለሰች፤ መንገዷም አልቀረባት። እኛም የሷ ልጆች ነን።»

እኔ ከፍሙ ማዶ እማሆይ ጽጌ ማርያምን አየኋቸው። አቀርቅረው ይፈትላሉ። ያኔ ነገሩ ሁሉ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። እናቴ ሞታ መንገድ ላይ ናት፤ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ነው በመካከሉ ውሃ የምትቀዳው፣ ጥጥ የምትፈትለው። እማዬ ብዬ ከጠራኋት ትመለሳለች። ከተመለሰች በእኔ ምክንያት መንግሥተ ሰማያት ይቀርባታል። እንደዚያ ሆኖ እንዴት ልጥራት? እወዳት ነበርና አልጠራኋትም።

የዚያን ዓመት ኑሮዬን ዛሬ ሳስበው እንደ ሕልም ነው። ጧት ጭጋጉ ከቆላው ተነስቶ ግቢውን ሲሞላው በውስጡ ቢጫ ቀሚስ ሲያልፍ አያለሁ፤ ደወሉም፣ የወፍጮው ድምፅም ከሩቅ የመጣ ይመስለኛል። ከኋላቸው ተደብቄ እስከ ምንጩ እሄዳለሁ፤ ጥላ አላቸው ወይስ የላቸውም ብዬ አያለሁ፤ እርጥቡ መሬት ላይ የረገጡበትን ቦታ በእጄ እዳስሳለሁ። ጥላም አላቸው፣ ዱካም አላቸው። ይህ ግን አላናጋኝም፤ የተዝካሯ ባለቤትም እኮ እንጀራ በልታለች። ድንገት ዞር ሲሉ ዐይኖቼን እጨፍናለሁ። ብዙ ጊዜ ቆመው ያዩኝ ነበር፤ ዐይኔን ጨፍኜም ቢሆን መቆማቸው ይታወቀኛል። ከብዙ ዓመት በኋላ እናቴ ስለዚያ ጊዜ አንስታ፣ «የጠላሽኝ መስሎኝ ሌሊቱን ስሰግድ አድር ነበር» አለችኝ። እኔ ዐይኔን እየጨፈንኩ እጠብቃት ነበር፤ እሷ ዐይኔን መጨፈኔን እያየች ታለቅስ ነበር። ይኸው ነው የዚያ ዓመት ኑሯችን።

ከዚያ የሰባ ሰባቱ ድርቅ መጣ። ምንጩ ቀጠነ፤ አንድ እንስራ ለመሙላት ረጅም ተራ ሆነ። የጎተራው መሬት በመጥረጊያ ተጠርጎ የቀረው እህል ተቋጠረ። መቁነኑ ከመዳፌ አነሰ፤ ሆኖም እኩል ነበር። በገደሉ ሥር ባለው መንገድ ሰዎች ያለ ድምፅ ያልፉ ነበር፤ ከጋዝጊብላ በኩል የመጡ ሦስት ወላጅ የሌላቸው ልጆችም በራችን ላይ ወድቀው ተገኝተው ከእኛ ጎጆ ገቡ። ማታ ማታ ግን ተረቱ አልቀረም። እማሆይ አፀደ፣ «ጆሮ አይጾምም» ይሉ ነበር።

በዐቢይ ጾም አንድ ቀን፣ ካኪ የለበሰ፣ ከንፈሩ በሐሩር የተሰነጠቀ ሰው በቅሎ እየሳበ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር።

«ይፍቱኝ እማሆይ» አለ ጎንበስ ብሎ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ኸየት ነህ ልጄ?»

«ከሰቆጣ ነኝ። ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ሰብስብ ተብዬ ነው። እንጀራም ወተትም የሚያገኙበት ማሳደጊያ አለ። እናት ያለውን ልጅ ግን አልወስድም።»

«ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው እማሆይ። ካዲሳባም ያልፋል።»

እማሆይ አፀደ ወደ ጎተራው አዩ፤ ወደ ልጆቹ አዩ። ምን ይበሉ? እህሉ ከሳምንት እንደማያልፍ ሁላችንም እናውቅ ነበር። በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስቱ ልጆች በቅሎው አጠገብ ተሰለፉ። ከዚያ ሰውዬው ወደ እኔ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

«አንቺስ? እናትሽ የት ናት?»

እማሆይ ጽጌ ማርያም ከምንጭ ገና እየደረሱ፣ እንስራው ከጀርባቸው ሳይወርድ ቆመው ነበር። አላየኋቸውም፤ እንዳላያቸው መሬት መሬት አየሁ። አሁን ብጠቁም እንደ መጥራት ነው ብዬ አሰብኩ።

«ሞታለች» አልኩት።

«መች?»

«ዘንድሮ። ስትገነዝ አይቻለሁ።»

ሰውዬው ራሴን ዳበሰኝ። ከቆቡ በኋላ እናትና ልጅ የሚባል ነገር በዚያ ቤት አይነገርምና፣ ከመነኮሳቱ ለመናገር አፍ ያለው አልነበረም። እማሆይ አፀደ እንኳ ፊታቸውን ወደ ጎተራው መለሱ። «ነይ እንግዲህ» ብሎ እጄን ያዘ። ወደ በሩ ሄድን። አላለቀስኩም፤ እናቴን ያዳንኳት መስሎኝ ነበር።

በሩ ጋ ስንደርስ ከኋላዬ የሩጫ ድምፅ ሰማሁ። እንስራውን ቀስ አድርገው መሬት አስቀምጠውት ነበር፤ ውሃ በዚያ ዓመት አይደፋም። ከዚያ በኋላ ግን የሮጡት መነኩሲት አልነበሩም፤ እናቴ ናት የሮጠችው።

«ልቀቃት ጌታዬ! የኔ ናት! እኔ ነኝ የወለድኳት! አልሞትኩም!»

ሰውዬው እጄን ለቀቀ። አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያየ፣ «ታዲያ ልጅቱ ሞታለች አለችኝ እኮ!» አለ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ እማሆይ አፀደ ተቆጥተው፤ «እናትሽ እዚህ ቆማ ምነዋ ሞታለች አልሽ?»

«ከጠራኋት ትመለሳለች ብዬ ነው» አልኩ። አሁን ግን አለቀስኩ። «መንገዷ እንዳይቀርባት ብዬ ነው።»

እማሆይ አፀደ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እናቴ አፈሩ ላይ ተንበረከከች፤ ሁለቱን ትከሻዎቼን ይዛ ፊቷን ወደ ፊቴ አስጠጋች።

«ጥሪኝ» አለችኝ። «ጥሪኝ ልጄ፤ ይቅርብኝ።»

«እማዬ» አልኳት።

ሦስቱ ልጆች ሄዱ። ትንሹ በቅሎው ላይ ሆኖ እጁን ያወዛውዝልን ነበር። የት እንደደረሱ አላወቅኩም፤ እነሱን የኔ ናቸው ብሎ የሮጠ ሰው አልነበረም።

ሥርዓት ሥርዓት ነው። በአንድነት ገዳም «የኔ» ያለ ሰው ይቀጣል። ማታ እማሆይ አፀደ ሁሉንም ሰብስበው፣ እናቴ ጾሙ እስኪፈታ ከማዕዱም ከእሳቱም ተለይታ ከደጅ እንድትቀመጥ ፈረዱ። እናቴ መሬት ስማ ወጣች። እኔ የምሆነውን አጥቼ በሩ መካከል ቆምኩ።

«አንቺን አልቀጣሁም» አሉኝ እማሆይ አፀደ፣ ወደ ፍሙ እያዩ። «ወደምትወጂው ተቀመጪ።»

ወጣሁ። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር፤ ነጠላዋን ገልጣ አስገባችኝ። ከውስጥ ተረቱ ተጀመረ። እማሆይ አፀደ የዚያን ለት ድምፃቸውን ከወትሮው ከፍ አድርገው ነው የተረኩት፤ ጉሮሯቸውን አሟቸው እንኳ አላቆሙም። ለእኛ ብለው መሆኑ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ የተሰማኝ በበሩ ስንጥቅ የሚወጣው የፍም ብርሃን እግራችን ላይ መድረሱና የእናቴ ልብ ጆሮዬ ሥር መምታቱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ፍም ዳር የሰማኋቸውን ተረቶች ለልጆቼ ተርኬላቸዋለሁ፤ የረሳሁትን ከራሴ ጨምሬ ሞልቻለሁ፤ እማሆይ አፀደም ቢሰሙኝ የሚቆጡ አይመስለኝም። የዚያን ምሽቱን ግን ለማንም ተርኬው አላውቅም። አንዲት የቆላ ዝንጀሮ እንደነበረች፣ ወንዝ ልትሻገር እንደተነሳች ሰምቻለሁ። መሻገሯን አለመሻገሯን አላውቅም። ከመነኮሳቱ አንዷን ብጠይቅ ትነግረኝ ነበር፤ አልጠየቅኩም፤ ዝንጀሮዋ ወንዙ ዳር ሳትደርስ በእናቴ ጉልበት ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።