የአባታችን ሳጥን ክዳን

አባታችን ከሞተ በኋላ ሁለቱ ወንድሞቼ መሬቱንም በጎቹንም፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሳይቀር በዱላ ተካፈሉ። የቀረው አባታችን በገዛ እጁ ሐረግ የቀረጸበት የጥድ ሳጥን ክዳን ነበር። ሽማግሌዎች እኩል ይከፈል ብለው ፈረዱ። ታላቄ «መጋዝ ይበላዋል» አለና ክዳኑን እኔ ወደምሠራባት ከተማ፣ ሞላሌ ድረስ አመጣልኝ፤ ታናሼም ተከትሎት መጣ። ያኔ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቼ በሌዘር ማሽን፣ በብርሃን ጨረር እንጨት እቆርጥ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄም ይበላል» አልኩት። «ከመጋዝ ያንሳል እንጂ ይበላል።»

«ብርሃን ምን ጥርስ አለው? ዝም ብለሽ ቁረጪ!»

ደሜ ፈላ። ሥራዬን ግን አውቃለሁ። ክዳኑ በእርጅና ጎብጧል። እንደጎበጠ ቢቆረጥ መሃሉ ጨረሩ ወደሚወጣበት ሌንስ ይቀርባል፣ ዳሩ ይርቃል፤ ርቀቱ በተዛባበት ቦታ ጨረሩ ይሰፋና እንጨቱን ያከስለዋል። ስለዚህ ዳርና ዳሩን በብረት ተጭኜ አቃናሁት። ከሌንሱ እስከ እንጨቱ ያለውን ከፍታ እዚህም እዚያም ለካሁ፤ ጨረሩ በጣም የሚቀጥንበትን ቦታ እንጨቱ ላይ አሳረፍኩት። እንደዚያ ንጹሕ አድርጌ ቆርጬ አላውቅም፤ ኮራሁ።

ታላቄ ከጋቢው ሥር ሸምበቆ አወጣ። ከቤት ሲነሳ በሙሉው ክዳን ልክ የቆረጠው ነው። ሁለቱን ግማሾች ገጥሞ ለካቸው፤ ሸምበቆው የመርፌ ውፍረት ያህል ተረፈ።

«የጎደለውን ማን ወሰደው?» አለ።

ታናሼ ሳቀበት። ያ ሳቅ ነው የጨረሰን።

ዱላው ሲያርፍ የአጥንት ድምፅ ሰማሁ። ታናሼ ፊቱን ይዞ ወደቀ፤ በጣቶቹ መሃል ደም ይወርዳል። ታላቄ ደገመው። መሃል ገባሁ፤ ሦስተኛው ትከሻዬን አገኘኝ። እኔም መጫኛውን ብረት አንስቼ ጉልበቱን አልኩት፤ ተንበረከከ። ዛሬም አይጸጽተኝም።

«ጭስ ሆኗል!» ብዬ ጮህኩበት። «ማንም አልወሰደውም! አሽትት!»

እጅጌዬን አፍንጫው ላይ ደፈንኩት። የአባታችንን ሳጥን ይሸት ነበር። አሸተተና ዱላውን ጥሎ ተንሰቀሰቀ። እያለቀሰ ጠላሁት።

ግማሾቹ አሁንም እኔ ዘንድ ናቸው፤ ሊወስዳቸው የመጣ የለም። አልፎ አልፎ እገጥማቸዋለሁ። የአባታችን ሐረግ መሃሉ ላይ ትንሽ ይዛነፋል፣ ልብ ብሎ ላላየው አይታወቅም። ታናሼ አንድ ዓይኑን ያጣው ለዚያች የመርፌ ውፍረት ነው።