ጎርፉ ያለፈበት አትክልት

«አንቺ ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለሐውልት ማዘን የጀመርሽው?»

ሰዓዳ ናት፣ የአጎቴ ልጅ። ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ዓይኗን ሳትሰብር ነው ያለችኝ። ባለፈው ቅዳሜ ቆቦ የተሠራውን መናፈሻ ልናይ ገብተን ነበር። የሲሚንቶ ቀጭኔ አለ፣ አንበሳ አለ፣ አፉን ከፍቶ ውሃ የሚተፋ ዓሣ አለ፤ ዙሪያውን ገና ሥር ያልያዙ አበቦች። የቀጭኔውን ቀለም የቆቦ ፀሐይ ልጦት አንገቱ ላይ ሲሚንቶው አግጥጧል። እኔ አላስችል ብሎኝ «ያሳዝናል፣ ምናለ ቢያድሱት» አልኩ። እሷ ያንን መለሰችልኝ። ከዚያ ለስላሳዋን ጨልጣ ጠርሙሱን አግዳሚው ላይ አስቀመጠችና «አባዬ ማሳው ላይ ነው። ሂጂና ቀጭኔ አሳዘነኝ በይው» ብላ ጥላኝ ወጣች።

እኔ መልስ የማጣ ሰው አይደለሁም። ሮቢት የምሠራበት የልብስ ሱቅ ደንበኛው ሁሉ ምላሴን ያውቀዋል። ያን ቀን ግን የለስላሳውን ሒሳብ ከፍዬ ተነሣሁ። ምክንያቱም እውነቷን ነው።

የሰዓዳ አባት አያ ይመር የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አናጢ ነበሩ፤ በር፣ አልጋ፣ ሣጥን ይሠራሉ። ከከተማው በታች፣ ሜዳው ሲጀምር፣ አንዲት ትንሽ መሬት ነበረቻቸው። ሰው ሁሉ ማሽላ ሲዘራ እሳቸው አትክልት አደረጓት። አትክልት ስል ቲማቲምና ሽንኩርት እንዳይመስላችሁ። መንገድ ሲሰፋ የተቆረጠ ግንድ፣ ወንዝ ያመጣው ሥር፣ ምስጥ የጀመረው ምሰሶ፣ ሰው ለማገዶ የሚለውን ሁሉ እየለመኑ በጋሪ ያስመጡ ነበር። ከዚያ መሮና መጥረቢያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ቀንዱ የዛፍ ሥር የሆነ በሬ ወጣ። የተንበረከከ ግመል ወጣ፤ በሸክሙ ፈንታ ጀርባው ላይ እሬት በቅሎበታል። ከትልቁ የሮቃ ዛፍ ሥር ስንቀመጥ ቅርንጫፉ ላይ ያንጠለጠሏቸው የተሰበሩ ማረሻዎች በነፋስ ይጋጫሉ፤ ድምፁ ሩቅ እንደሚሄድ ከብት ቃጭል ነው። ከትምህርት ቤት ስንወጣ እዚያ ሄደን ፓፓያ በጨው በሚጥሚጣ እንበላ ነበር። ሙሽሮች ከዋጃ ድረስ ፎቶ ሊነሡ ይመጡ ነበር።

ፊት ግን አይቀርጹም። «ነፍስ መስጠት የአላህ ነው፣ እኔ እንጨት ነው የማውቅ» ይላሉ። በሬው ዓይን የለውም፣ ግመሉ ዓይን የለውም። ከሁሉ መሐል ከግንድ ተቀርጻ የቆመችው ሴትም ፊቷ ልሙጥ ነው። ፀጉሯ ግን ሕይወት ነበረው። የሰዓዳ እናት ከመሞቷ በፊት በእጇ የተከለችው ሐረግ ነው፤ አያ ይመር ግንዱን ያቆሙት ሐረጉ ያለበት ድረስ ወስደው ነው። ሐረጉ ወጥቶ ወጥቶ ራሷ ላይ ደረሰ፣ ከዚያ እንደ ሹሩባ በትከሻዋ ወረደ። ዓርብ ዓርብ ከስግደት መልስ ሰዓዳ ትከረክመው ነበር። እኔ አሾፍባት ነበር፣ «ዛሬ እናትሽን ምን ዓይነት ሹሩባ ሠራሻት?» እያልኩ። ትስቅ ነበር። ያኔ ትስቅ ነበር።

የእኛ ማሳ ከአትክልቱ በታች ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ በእኩል፣ ምርቱን ተካፍሎ የሚያርስላት ሰው ይዛ ነው የምታኖረን። ማሽላ ከታጣ ዓመቱ የለም፤ ትምህርቱም የለም። እናቴ ይኼን ተናግራው አታውቅም፤ እኔ ግን ምጣዱ ሲቀዘቅዝ የማላውቅ ልጅ አልነበርኩም።

አሥራ አንደኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት ሰማዩ እምቢ አለ። ሐምሌ ገብቶ ማሽላው ጉልበት ላይ ቆሟል፣ ቅጠሉ ተጠቅልሎ። እኛ ቆላዎቹ በዚያን ጊዜ የራሳችንን ሰማይ አናይም፣ ወደ ደጋው ነው የምናየው። ተራራው ላይ ከጠቆረ ጎርፍ ይወርዳል፤ ጎርፉን በቦይ ጠልፎ ማሳ ማጠጣት ነው። አንድ ጎርፍ ከጠጣ ማሽላ ይድናል። ግን ተራ አለው፤ ተራህ ካለፈ ደግሞ ሌላ ጎርፍ መምጣቱን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው።

በእኛ ተራ ከሰዓት በኋላ ደጋው ጠቆረ። «ወረደ! ወረደ!» ተባለ። አካፋና ዶማ የያዘ ሁሉ ሮጠ። ውሃው ቀይ ሆኖ፣ ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። ወደ ቦያችን ገባ፣ እናቴ እልል አለች። እልልታዋን ሳትጨርስ ከአትክልቱ በላይ የቦዩ ግንብ ተናደ። ውሃው ተመልሶ ወደ ወንዙ ሊፈስ ዳር ዳር ይል ጀመር። በድንጋይ ሞከሩ፣ በግንድ ሞከሩ፣ ጠራርጎ ወሰደው።

አንድ መንገድ ብቻ ነበር። የአትክልቱን የላይኛውን ካብ ቢያፈርሱት ውሃው አትክልቱን አቋርጦ እኛ ማሳ ይገባል። ይኼን እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ አይቶታል። አንድም ሰው አላለውም። አያ ይመር ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆመው እሳቸውም አላሉም። እናቴ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

እኛ አገር ደም የተቃባ ሰው እንኳ እርጥብ ሣር ይዞ ለመጣ እምቢ አይልም። ሽማግሌ ነው የሚይዘው፣ ለዕርቅ ነው የሚያዘው፣ ልጅ አይጫወትበትም። እኔ ዝምታው አንገበገበኝ። በካቡ ላይ ተንጠልጥዬ ከዚያው ከአትክልታቸው አንድ እፍኝ ሣር ነጨሁና ፊታቸው ቆምኩ።

«ሀዋ፣ ጣይው» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አልጥልም።»

«ጣይው ልጄ። ይኼ ለዚህ አይያዝም። ሌላ መላ እንፈልግ።»

«መላው እስኪገኝ ውሃው ይቆማል? አያ፣ የሚበላው ማሽላ ነው! እንጨት አይበላ!»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ዝጊ!» አለች እናቴ። ሣሩን ጣይ ግን አላለችም። ያኔም ልብ ብዬዋለሁ።

ተራ የሚያዙት የውሃ አባት ጎርፉን አዩ፣ እጄን አዩ። «ሣር ተይዟል» አሉ፣ «ከእንግዲህ የእኛ ነገር አይደለም።»

አያ ይመር ወደ አትክልቱ አንዴ ዞሩ። «ሰው አይግባ» አሉ፣ «ዕቃ አተርፋለሁ ያለን ሰው ጎርፍ ይበላዋል።» ከአንዱ እጅ ዶማ ተቀበሉና ካባቸውን ራሳቸው መቱት። ሰዓዳ «እማን! እማን!» እያለች ልትሮጥ ስትል ወገቧን ጨምድጄ የያዝኳት እኔ ነኝ። ክንዴን ነከሰችኝ። አልለቀቅኳትም። ቀዩ ውሃ በሬውን ሲገፋው፣ ግመሉን ሲያለብሰው ሁለታችንም አየን። ሴትዮዋ ቆማ ቀረች። ውሃው ሲጎድል ደለሉ አንገቷ ድረስ ደርሶ፣ ከላይ ያ ልሙጥ ፊቷና አረንጓዴው ሐረግ ብቻ ይታይ ነበር። ሐረጉ ትንሽ ቀን ከርሞ ደረቀ። የሚቀጥለው ዓመት ጎርፍ እሷንም ሸፈናት።

የእኛ ማሽላ ጠጣ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ቆቦ ላይ ዝናብ ወረደ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ ጣራው እስኪጮህ። እናቴ በጨለማው ውስጥ «እስከዚህ ይደርቅ ነበር» አለች። ማንም አልጠየቃትም። ይኸው ዛሬም ክረምት በመጣ ቁጥር ትለዋለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። እውነቷን ይሆናል። ላይሆንም ይችላል። እኔ ያንን ማሽላ በልቼ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስኩ። ብዙ ጊዜ እንጀራውን አፌ ውስጥ አቆየዋለሁ፤ አኝኬ ለመዋጥ እፈራለሁ። ከዚያ ይርበኛል፣ እውጣለሁ።

ደለል ለማሽላ ወርቅ ነው። ጎረቤቱ «አያ ይመር፣ እንዲህ ያለ አፈር ይዘህ ዝም?» ሲላቸው ዘሩበት። አናጢነቱንም ቀስ በቀስ ተዉት። እኔ ለዒድ እየሄድኩ ጉልበታቸውን እስማለሁ፣ ይመርቁኛል፣ ስለ አትክልቱ አንነጋገርም። ለሁሉ መልስ ያለው አፌ እሳቸው ቤት ሲደርስ «ደኅና ነዎት» ብቻ ነው የሚያውቀው።

ቅዳሜ ዕለት ከመናፈሻው ስወጣ ወደ መናኸሪያ መሄድ ሲገባኝ ባጃጅ ይዤ ወደ ማሳው ወረድኩ። ሹፌሩን ጠብቀኝ አልኩት። ጥቅምት ስለሆነ ማሽላው ከሰው በላይ ቆሟል። አያ ይመር በወንጭፍ ወፍ ያባርራሉ።

«ሀዋ! እናትሽ ደኅና?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«መናፈሻውን አያችሁት? እንዴት ነው?»

«ቀጭኔው ተልጧል።»

ሳቁ። «እኔንም ኑና ሥሩልን ብለውኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

«እጄ አሁን ሞፈር ነው የሚያውቅ። ነይ፣ እሸት ልቁረጥልሽ።»

ማሽላው ውስጥ ገቡ፣ ተከተልኳቸው። ቀጥ ብለው አይሄዱም። ትንሽ ይሄዱና ወደ ግራ ይዞራሉ፣ ከዚያ ዞረው ይመለሳሉ። ጥሩ እሸት የሚመርጡ መስሎኝ ነበር፤ ጥሩውን እያለፉት ነው። አንድ ቦታ ላይ ሰፋ አድርገው ዞሩ። ሮቃው በየት በኩል እንዳለ አየሁ። ልክ እዚያ ነበር ግመሉ የተንበረከከው። ትንሽ እልፍ ብለን እንደገና ዞሩ፣ ይህን ጊዜ በጣም ቀስ ብለው። ወዲያው እግሬን የእሳቸው እግር ባረፈበት ብቻ ማሳረፍ ጀመርኩ።

«አያ፣ ያን ጊዜ...»

«ተይው።»

«ይቆጡኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ያሻዎትን ብለው! አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡኝም።»

የማሽላውን ራስ ጎንበስ አድርገው ቆረጡ፣ ሌላ ቆረጡ። «ሣር ተይዞብኝ የሰጠሁት ነው» አሉ። «ከሰጡ ወዲያ ቁጣ የለም፣ ልጄ። እሱም አብሮ ሄዷል።»

እሸቱን በሻሼ ተቀበልኩ። ወደ መንገዱ በኩል ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ።

«ሂጂ፣ ሰውየው ቸኩሏል» አሉ በአገጫቸው እየጠቆሙ። «በዚህ ቀጥ በይ፣ ቅርብ ነው።»

ጥሩምባው ደገመ። እኔ በመጣንበት፣ እየዞርኩ ወጣሁ።